«ተሳትፎ» ሲሉን መዋጮ ማለታቸው ነው እንዴ? የወረዳችን በጀት ላይ ማን ነው የሚወስነው?

የአፍንጮ በር ልጅ (ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ ማታ 2፡10)

ሰላም ጎረቤቶች። ዛሬ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተሰክቶ ጠበቀኝ። «የ2018 በጀት ዓመት ረቂቅ ዕቅድ ላይ ከነዋሪው ጋር ውይይት ስለሚደረግ በሰዓቱ እንዲገኙ» ይላል። ቅዳሜ ጠዋት 2፡30። ልሂድ ወይስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብሴን ልጠብ? ከመፍረዳችሁ በፊት የአምናውን ስሙኝ።

አምና ሄጄ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃ፣ ሦስት ኃላፊዎች። ሪፖርት በፓወር ፖይንት ለአንድ ሰዓት ተኩል ተነበበ። በመቶኛ ላይ በመቶኛ። «ብር» የሚል ቃል የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ከነዋሪው ስለተሰበሰበ ብር ነበር።

ከዚያ አስተያየት ተባለ። እኛ ሰፈር ክረምት ሲገባ ቦዩ ይዘጋል፤ ጎርፉ ቁልቁል መጥቶ ሦስት ቤት ውስጥ ይገባል። አንዲት እናት ተነስተው ይህንኑ ተናገሩ። ፍራሻቸውን ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ እንዳሰጡ ሁሉ ቆጥረው ተናገሩ። ቤቱ አጨበጨበ። «ተቀብለናል፣ በዕቅድ እናካትተዋለን» ተባለ።

ሰኔ ላይ ምን መጣ መሰላችሁ? የመንገድ ዳሩ አጥር ቀለም ተቀባ። ሐምሌ ላይ ጎርፉ እንደ ልማዱ ገባ። ቀለሙ ግን ያምራል፣ አልዋሽም።

ወረዳውን አልጠራም፣ ጉዳዩ የአንድ ወረዳ አይመስለኝም። ጥያቄዬ አንድ ነው። የእኛ ቃል ገብቶ ብሩ የሚሄድበትን ቦታ የሚቀይርበት ቀዳዳ በእውነት አለ ወይ?

ኮብልስቶን ተራ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡41)

አቦ ተወው፣ ልብስህን እጠብ።

በእኛ አገር «የሕዝብ ተሳትፎ» ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ። መዋጮ ነው። በቃ። ሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ ቤት ለቤት ተዋጣ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ደረሰኝ ተቆረጠ፣ ያልከፈለ ሰው በስም ተነበበ። ያኔ ማንም «የት በኩል ይነጠፍ?» ብሎ አልጠየቀንም። ካርታው ተሠርቶ ነው የመጣው። የእኛ ድርሻ ኪስ መግባት ነበር።

ኋላ ሪፖርቱን አየሁት። «የኅብረተሰብ ተሳትፎ በብር ሲተመን» የሚል ዓምድ አለው። በብር ሲተመን! ሐሳብህ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። አካፋ ይዘህ ከወጣህም ጉልበትህን በብር ይተምኑልሃል። ስለዚህ አምና በደንብ ተሳትፈሃል ወንድሜ፣ ሪፖርቱ ላይ አለህ።

መንገዱ ግን ጥሩ ሆኗል፣ ጭቃው ጠፍቷል። እሱን አልክድም።

ጡረተኛው (ሐሙስ፣ ማታ 3፡30)

ልጆች፣ እኔ በዕቅድና በጀት ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቼ ነው የወጣሁት። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ግን ከውስጥ ሲታይ ነገሩ ትንሽ ይለያል።

መጀመሪያ ጊዜውን እዩት። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ምክር ቤት የሚያጸድቀው በሰኔ ማለቂያ ገደማ ነው። ሰው ታዲያ «ገና ግንቦት ነው፣ ጊዜ አለን» ይላል። የለም። የበጀት ጥሪው ከነጣሪያው፣ ማለት «ከዚህ ብር በላይ አትጠይቁ» ከሚለው ልክ ጋር፣ የሚመጣው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በጣሪያው ልክ ጥያቄውን አዘጋጅቶ ያስገባል፣ ይከራከራል፣ ይቆረጥበታል። ግንቦት ላይ ነዋሪን ጠርቶ ማወያየት እንጀራው ሞሰብ ከገባ በኋላ «ሊጡ ቀጠነ ወይስ ወፈረ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቦያችሁን ማስገባት የነበረባችሁ ጥር ወይም የካቲት ላይ ነበር።

ቀጥሎ ብሩን እዩት። ወረዳ እጅ ያለው ገንዘብ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከዚያ ነዳጅ፣ ወረቀት፣ መብራት፣ ጥገና ይመጣል። ይህ መደበኛ በጀት የሚባለው ነው። ትልልቁ የካፒታል ሥራ፣ ማለትም ግንባታው፣ የሚታቀደው ከላይ፣ በከተማው ቢሮዎች ነው። የአዲስ አበባ የ2017 በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነው፤ ወረዳው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ «ይህን ላድርግላችሁ፣ ያንን ልተው» የሚልበት ግን በጣም ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ መድረኩ ላይ የሚቀመጠው ሰው «ተቀብለናል» የሚለው እናንተን ለማታለል አይደለም። መልስ የመስጠት ሥልጣን ስለሌለው ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ስንት ጊዜ።

ቦዩንም እንየው። የዝናብ ውሃ ቦይ ከመንገድ ሥራ ጋር ይታያል። የቤት ፍሳሽ መስመር ከውሃ ሥራ ጋር ይታያል። ቆሻሻውን የሚጠርገው ደግሞ ሌላ ነው። ሦስት በር። እናትየዋ የተናገሩት አንዱም በር ላይ አልደረሰም።

አጥሩ ለምን ተቀባ ላልከው፣ ሰኔ ነዋ ልጄ። በዓመቱ ሥራ ላይ ያልዋለ ብር ተመላሽ ይሆናል። እኛ ቢሮ «በጀቱ ሊቃጠል ነው» እንል ነበር። ስለዚህ ሰኔ ላይ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ይፈለጋል። ቦይ ጥናት ይፈልጋል፣ ጨረታ ይፈልጋል፣ ርክክብ ይፈልጋል። ቀለም በሦስት ቀን ያልቃል።

ተከራዩ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡05)

እናንተስ ወረቀት በራችሁ ላይ ተሰክቷል። እኔ እዚሁ አራዳ ውስጥ ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው፣ አንድም ቀን ተጠርቼ አላውቅም። ወረቀቱ ለአከራዬ ነው የሚመጣው። እሳቸው ደግሞ አይሄዱም።

አንዴ ራሴን ጋብዤ ሄድኩ። የውሃ ነገር ልናገር ተነሳሁ። «የዚህ ወረዳ መታወቂያ አለህ?» ተባልኩ። የለኝም፣ መሸኛ ለማምጣት ክፍለ አገር መመላለስ ነበረብኝ። ተቀመጥኩ። መዋጮ ሲመጣ ግን መታወቂያ የጠየቀኝ የለም፣ በሩን የከፈተ ይከፍላል።

በየሰፈሩ ተከራይ ስንት ነው? እኛ የሌለንበት የነዋሪ ውይይት የነዋሪ ነው?

አወያይ (ሐሙስ፣ ማታ 4፡12)

ወገኖች፣ የኃላፊ ስም ጠርታችሁ አትጻፉ። አንድ መልእክት አንሥቻለሁ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ደግሞ ሌላ ክር አለ፣ እዚያ ተከራከሩ። ቀጥሉ።

ሻይ ቅጠል (ዓርብ፣ ጠዋት 1፡20)

እኔ ደግሞ የሠራ ነገር ላንሣ፣ ጨለምተኛ አንሁን።

«ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የሚባል ፕሮግራም ታስታውሳላችሁ? ከ1998 ገደማ ጀምሮ፣ መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመደገፍ ከመጣው ገንዘብ ጋር አብሮ የገባ ነው። ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውሃ፣ የገጠር መንገድ ላይ ነበር የሚያተኩረው። በየወረዳው የበጀት ሠንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። እኔ የጤና ጣቢያ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው ለብቻው ተቀምጦ ለአገልግሎቱ ነጥብ ይሰጣል። ሠራተኞቹም ለብቻቸው ለራሳቸው ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የእኛ ሴቶች ለመድኃኒት ክፍሉ ሰልፍ ከአምስት አንድ ሰጡ። ሠራተኞቹ ለራሳቸው አራት ሰጥተዋል። ሳቅም ነበር፣ ኩርፊያም ነበር። ሲጣራ ሁለት መስኮት አለ፣ አንደኛው የተዘጋው ወንበርና መደርደሪያ ስለሌለው ነው። መደርደሪያ! ለዚያ በጀት የሚወሰነው እዚያው ነው፣ ላይ መሄድ አላስፈለገም። በወሩ ተከፈተ።

ጋሼ ጡረተኛው እንዳሉት ነው። ጥያቄው ከሥልጣኑ ጋር ሲገጥም ይሠራል። አስፋልት ብንጠይቅ ኖሮ እስከ ዛሬ «ተቀብለናል» ላይ ነበርን።

መለጠፍ ብቻውንም ቀላል አይደለም። ኡጋንዳ ውስጥ ከ1991 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች ከተላከው የተማሪ ድጎማ ትምህርት ቤት በር የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ መንግሥት የተላከውን ብር በጋዜጣ ማውጣትና በየትምህርት ቤቱ ማስለጠፍ ጀመረ። በ2001 እ.ኤ.አ. የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ጋዜጣው ብቻውን ነው ወይ ያመጣው የሚል ክርክር አለበት። ቢሆንም ወላጅ ስንት እንደተላከ ካወቀ ርእሰ መምህሩን ይጠይቃል።

የእኛ ሠንጠረዥ ግን መጨረሻ ላይ ያየሁት የበሩ ጀርባ ላይ ነው። በሩ ክፍት ሲሆን አይታይም። በሩ ሲዘጋ ደግሞ ቢሮው ተዘግቷል።

ስድስት ኪሎ ዶርም (ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡15)

የልማት ጥናት ተማሪ ነኝ። የዚህ ነገር እናት ከተማ ፖርቶ አሌግሬ ናት፣ ደቡብ ብራዚል። በ1989 እ.ኤ.አ. አዲስ የመጣው አስተዳደር ነው «በጀቱን ከሰፈሩ ጋር እንሥራው» ያለው። 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። በ16 ቀጠና ከፈሏት። እያንዳንዱ ቀጠና ተሰብስቦ ቅድሚያ የሚፈልገውን ያወጣል፣ ተወካይ ይመርጣል። ተወካዮቹ የበጀት ምክር ቤት ውስጥ ገብተው ከቢሮዎቹ ጋር ይከራከራሉ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የሚቀርበው የአምናው ውጤት ነው፣ የቱ ተሠራ፣ የቱ ቀረ።

እኔ የወደድኩት ቀመሩን ነው። ብሩ በጩኸት አይከፈልም። ለሕዝብ ብዛት ነጥብ አለ፣ ለጎደለ አገልግሎት ነጥብ አለ፣ ሰፈሩ ራሱ ላስቀደመው ነገር ነጥብ አለ። ውሃና ፍሳሽ የሌለው ሰፈር ብዙ ይደርሰዋል።

ደግሞ ሲጀምሩ ሀብታም አልነበሩም። ገቢያቸውን ከሞላ ጎደል ደመወዝ ይበላው ነበር፣ ልክ ጋሼ እንዳሉት። መጀመሪያ የከተማዋን ግብር አስተካከሉ፣ ከዚያ ነው የሚከፋፈል ብር የተገኘው። እኛም ጥር 2017 ላይ የንብረት ታክስ አዋጅ በፓርላማ ጸድቋል። አዲስ አበባ ደግሞ በዋናነት የምትኖረው ራሷ በምትሰበስበው ግብር ነው። ስለዚህ «ከላይ የመጣ ብር ነው፣ አያገባችሁም» ሊባል አይችልም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰባችንን የሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችን የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል።

ኮብልስቶን ተራ (ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡32)

ብራዚል ብራዚል አትበለን እንጂ። እነሱ ዛሬም ያደርጉታል?

ስድስት ኪሎ ዶርም (ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡50)

ልክ ነህ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ፖርቶ አሌግሬ ራሷ አቋርጣዋለች። የጀመረው ፓርቲ ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ቀስ በቀስ ተዳክሞ ነው። ሌሎች ከተሞች ግን ወስደውታል። ፓሪስ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካፒታል በጀቷ 5 በመቶ ያህሉን ነዋሪ በድምፅ እንዲወስንበት መድባለች። ጎረቤት ኬንያ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ላይ በመንግሥት ገንዘብ ጉዳይ ሕዝብ መሳተፍ አለበት ብላ ጽፋለች፣ 47ቱም ካውንቲዎች ይገደዳሉ።

ጡረተኛው (ዓርብ፣ ማታ 1፡05)

እዚያ ተወካዮቹን ማን መረጣቸው የሚለውን አትርሱ። እኔ የአካባቢ ምርጫ ላይ ድምፅ የሰጠሁት ሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 ይደረግ የነበረው ተራዘመ። ወረዳ ላይ የሚቀመጠው ሰው አለቃው ከላይ ያለው ከሆነ የሚመለከተው ወደ ላይ ነው። ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

የእድር ጸሐፊ (ዓርብ፣ ማታ 1፡48)

ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ከባሕር ማዶ የምታመጡት ለምንድን ነው? በጀት ላይ መወሰን እኮ እናውቅበታለን።

እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በዓመት አንዴ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ስንጀምር ምን እናደርጋለን? ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ማንም ሰው «ይህን አላልንም» ቢል እዚያው ይታረማል። ከዚያ ገንዘብ ያዡ ተነስቶ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ባንክ ስንት አለ ይላል። ደረሰኙ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የፈለገ ያገላብጣል። ሦስት የሒሳብ መርማሪ ከአባሉ መካከል እንመርጣለን።

ካቻምና ድንኳናችን አረጀ። ግማሹ አዲስ ድንኳን እንግዛ አለ። ሴቶቹ ግን የለም፣ ድስትና ሳህን ነው የጎደለን አሉ። ሁለት እሑድ ሙሉ ተከራከርን። በመጨረሻ አንዱ ብልህ «ባለፈው ዓመት ድንኳን ስንት ጊዜ ተከራየን፣ ሳህንስ ስንት ጊዜ ተዋስን?» አለ። መዝገብ አወጣን። ሳህን አሸነፈ። ድንኳኑን በሸራ ጣፍነው፣ እስከ ዛሬ ቆሟል።

የአፍንጮ በር ልጅ፣ ቅዳሜ ሂድ። ግን አስተያየት ለመስጠት አትነሳ። ሪፖርቱ ሳይጀመር እጅህን አውጣና «ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ ይነበብልን» በል። ይህን የማያውቅ አበሻ የለም፣ አዳራሹ ይደግፍሃል።

ሻይ ቅጠል (ዓርብ፣ ማታ 2፡15)

ጋሼ፣ ምክሩ ድንቅ ነው። ግን እድሩንም አናሞጋግሰው። የእኛው ዳኛ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተቀየሩም። ሳህኑን የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው፣ ኮሚቴው ውስጥ ግን አንዲት ሴት አለች፣ እሷም ዕቃ ቤት። ተከራይስ እንደ ልብ ትመዘግባላችሁ?

የእድር ጸሐፊ (ዓርብ፣ ማታ 2፡31)

መመዝገቢያው ስለበዛበት ተከራይ ይሸሻል። እውነትሽን ነው ልጄ። አንሥተነው አናውቅም።

የአፍንጮ በር ልጅ (ቅዳሜ፣ ግንቦት 16፣ ከሰዓት 9፡20)

ሄጄ መጣሁ። ልብሱ እንደተዘፈዘፈ ነው።

2፡30 ተብሎ 3፡40 ተጀመረ። ሰብሳቢው ማይኩን ይዘው ሪፖርት አቅራቢውን ሲጋብዙ እጄን አወጣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ልዋሻችሁ። «ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት የአምናው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን» አልኩ።

ጸጥ አለ። ሰብሳቢው «በሥነ ሥርዓቱ እንሂድ፣ ጊዜም የለንም» አሉ። ከኋላዬ አንድ አዛውንት «ምነው፣ እድር እንኳ ያነባል!» አሉ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ የፍራሿ እናት ተነሱ። «እኔ የተናገርኩትን መስማት እፈልጋለሁ» አሉ። በዚህ ላይ ማን ምን ይላል?

አንዲት ልጅ ወደ ቢሮ ተላከች። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ፋይሉ መጣ፣ አቧራውን አራገፉት። ተነበበ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። መጨረሻው ላይ «ነዋሪው የቀረበውን ዕቅድ በሙሉ ድምፅ ደግፎ፣ ለተፈጻሚነቱ በገንዘብና በጉልበት ለመሳተፍ ቃል ገብቷል» ይላል።

ቦይ የሚል ቃል የለም። ጎርፍ የሚል የለም። ጭብጨባው ግን «ድጋፍ» ሆኖ ተጽፏል። እናትየዋ ያጨበጨብንላቸው ለእሳቸው ነበር እኮ!

ትንሽ ጫጫታ ሆነ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ተደናገጡ። ጋሼ ጡረተኛው ከጻፉት ያወጣኋቸውን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ይዤ ስለነበር አነበብኩላቸው። የወረዳው ካፒታል በጀት ስንት ነው? ቦዩ የየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ለመጀመሪያው «አሁን በእጄ የለም» አሉ። ለሁለተኛው ከጎናቸው ካሉት ጋር ተማከሩና «ከመንገድ ጋር ነው፣ ከእኛ አይደለም» አሉ። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተባለ ነገር።

በመጨረሻ የዛሬው ቃለ ጉባኤ እዚያው ፊታችን ተጻፈ። እናትየዋ ራሳቸው አስጻፉት፣ ሦስቱንም ቤት በምልክት እየጠቀሱ፤ ከውሃ ልኩ ፊት ለፊት ያለው፣ የሰማያዊ በሩ፣ የእሳቸው። ቀጥሎ «ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይገለጽ» የሚል ተጨመረ። ዘንድሮ እንደማይደርስ ነግረውናል። ጣሪያው ካለቀ ቆይቷል። ጥር ላይ ለ2019 እንዲገባ ነው ተስፋው። በዚህ ክረምት ጎርፉ ይመጣል።

ተከራዩ፣ የአንተንም ጥያቄ አነሳሁልህ። «ተከራይ በአከራዩ በኩል ሊያቀርብ ይችላል» ተባለ። ይቅርታ።

ኮብልስቶን ተራ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡34)

«በገንዘብና በጉልበት ለመሳተፍ ቃል ገብቷል»! አላልኳችሁም? 😂

ጡረተኛው (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡02)

ጎበዝ ልጅ። ደብዳቤው ወጪ ሆነ ወይ? ቁጥሩንና ቀኑን ያዝክ? ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልተጻፈም ማለት ነው። ለማን ግልባጭ እንደተደረገም እይ።

የአፍንጮ በር ልጅ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡10)

ገና ነው ጋሼ። መዝገብ ቤት ሰኞ ነው ተባልኩ። እናትየዋም አብረን እንሄዳለን ብለዋል።

ተከራዩ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡26)

ሰኞ ጠዋት ክፍት ነኝ። መዝገብ ቤት በር ላይ መታወቂያ ይጠይቃሉ?